ልጄ አትሰማም፤ በእጅ ባናግራት አፏን እዘጋባት ይሆን?

ጥያቄ፦ «የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጅ አለችኝ። ሐኪም መርምሯት ሁለቱም ጆሮዎቿ የሚሰሙት በጣም ትንሽ እንደሆነ ነገረን። አንዲት ጎረቤቴ ምልክት ቋንቋ ጀምሪላት አለችኝ። አማቴ ግን “በእጅ ካስለመድሻት ጭራሽ አትናገርም፤ እሱ ደግሞ ምልክት እንጂ ቋንቋ አይደለም” ይላሉ። ባለቤቴ ትምህርት ቤት እስክትገባ እንጠብቅ ባይ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቪዲዮዎች ልኮልኝ ከነሱ ማጥናት ጀምሬ ነበር። ምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ነው? ምንም የማላውቅ እናት ከየት ልጀምር?» — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ አስቀድመን የባለቤትዎን ሐሳብ እናንሳ። የአማትዎ ስጋት በማስረዳት የሚመለስ ነው። መጠበቁ ግን በየቀኑ ልጅዎን ያስከፍላታል።

የሷ እኩያ የሆነች የምትሰማ ልጅ ሃያ ወር ሙሉ ቋንቋ ሲፈስላት ኖሯል። ታዝላ ሰምታለች፣ ጡት እየጠባች ሰምታለች፣ ትልልቆች ስለ ሌላ ጉዳይ ሲያወሩ ሰምታለች። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም። ብዙ ልጆች ሁለት ዓመት ሲሞላቸው 50 ገደማ ቃላት ይኖሯቸዋል፤ «እማ ነይ» እያሉ ሁለት ቃል መግጠምም ይጀምራሉ። የእርስዎ ልጅ አእምሮ ከዚያች ልጅ አእምሮ በምንም አያንስም፤ ያጣው የሚቀበለውን ቋንቋ ብቻ ነው። በሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት ብትገባ ፊደል አለማወቋ አያሳስብም፣ ብዙ ልጅ ፊደል ሳያውቅ ነው የሚገባው። የሚያሳስበው ቋንቋ ሳይኖራት መግባቷ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ «ውሃ» ብሎ ሲጽፍ ሌሎቹ ልጆች የሚያውቁት ቃል ምን እንደሚመስል ያያሉ፤ ቃሉ ከነጭራሹ የሌላት ልጅ ጭረት ብቻ ታያለች።

የዘገየው በኋላ ይካካሳል እንዳይሉ ደግሞ፣ አሜሪካ ውስጥ መስማት በተሳናቸው ጎልማሶች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ሁሉም የአገራቸውን ምልክት ቋንቋ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ በየቀኑ የተጠቀሙ ናቸው። ከልደት ጀምሮ ያገኙት በሰዋስው በለጡ፣ ከ4 እስከ 6 ዓመታቸው የጀመሩት ተከተሉ፣ ከ12 ዓመት በኋላ የጀመሩት መጨረሻ ሆኑ። ሠላሳ ዓመት ልምምድ የልጅነቱን ጊዜ አልተካም። ይህን ለባለቤትዎ እንዳለ ይንገሯቸው። ልጅቷ የትምህርት ቤት ጉዳይ አይደለችም፤ የዛሬ ጉዳይ ናት።

አሁን ወደ አማትዎ። «ምልክት እንጂ ቋንቋ አይደለም» ማለታቸው አይፈረድባቸውም፤ ስሙ ራሱ ያሳስታል። የትራፊክ ምልክትም ምልክት ነው፣ በእጅ ጠቅሶ መጥራትም ምልክት ነው። ምሁራንም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ እንደሳቸው ነበር የሚያስቡት። እ.ኤ.አ. በ1960 ዊሊያም ስቶኪ የተባለ በዋሽንግተን የጋላውዴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህር መስማት የተሳናቸው ተማሪዎቹ የሚነጋገሩበትን ምልክት ፈታትቶ አሳየ። እያንዳንዱ ምልክት በውስጡ የእጅ ቅርጽ፣ ምልክቱ የሚሠራበት ቦታና እንቅስቃሴ አለው። በኋላ የመዳፍ አቅጣጫና የፊት ሁኔታ ተጨመሩበት። ከነዚህ አንዱ ብቻ ሲቀየር ቃሉ ሌላ ይሆናል። በአማርኛ «በራ» እና «መራ» የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ አይደል? ምልክት ቋንቋም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው፤ ለብቻቸው ትርጉም የሌላቸው ጥቂት ነገሮች ተቀናጅተው ብዙ ሺህ ቃላት ይወጣቸዋል።

ሰዋስውም አለው። አማርኛችን «ሰጠኋት» በሚል አንድ ቃል ውስጥ ሰጪውን፣ ድርጊቱንና ተቀባይዋን ሦስቱንም ይይዛል፤ «ሰጠችኝ» ሲሆን ሁሉም ይገለበጣል። በብዙ ምልክት ቋንቋዎች «መስጠት» የሚለው ምልክት ከሰጪው ቦታ ተነሥቶ ወደ ተቀባዩ ይሄዳል፤ አቅጣጫው ሲገለበጥ ሰጪና ተቀባይ ይቀያየራሉ። እጅ ጠቅሶ ከመጥራት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እንዲያውም መስማት የተሳነው ሰው የአንጎሉ ግራ ክፍል በስትሮክ ሲጎዳ ምልክት ቋንቋው ሊሰናከልበት ይችላል፤ ያው ሰው ግን ማበጠሪያ ሲሰጡት እንዴት እንደሚያበጥር በእጁ ማሳየት አያቅተውም። አንጎል ሁለቱን ለይቶ ያውቃል ማለት ነው። ምልክት ከሚናገሩ ወላጆች የተወለዱ የማይሰሙ ሕፃናትም፣ ሌሎች ሕፃናት «ባባባ» በሚሉበት ዕድሜ በጣቶቻቸው እንዲሁ ይንተባተባሉ።

መንገዱ ድምፅም ይሁን እጅ ቋንቋው ቋንቋ ነው። ጽሑፍ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው። ፊደል የማይቆጥሩ አያቶቻችን አማርኛን ከነቅኔው ሙሉ ለሙሉ ያውቁታል፤ ግዕዝ በተቃራኒው የማንም አፍ መፍቻ ሳይሆን በዜማና በብራና ይኖራል። ብሬልም የማያዩ ሰዎች የሚጽፉበት ፊደል እንጂ ቋንቋ አይደለም። ይህን የምናነሣው ብሬልንና ምልክት ቋንቋን እንደ አንድ ነገር የሚቆጥር ሰው ብዙ ስለሆነ፣ «ስታድግ በጽሑፍ እናግባባታለን» የሚል ምክርም ከዘመድ ስለማይጠፋ ነው። መጻፍ የሚችለው መጀመሪያ ቋንቋ ያለው ሰው ነው።

«በእጅ ካስለመድሻት አትናገርም» የሚለው ሥጋት ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ጣሊያን ውስጥ ሚላን ላይ በጉባኤ የተሰበሰቡ፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን ምልክት ቋንቋ ከክፍል ይውጣ ብለው ወሰኑ። በብዙ አገር ሕፃናት እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ የሚቀጡበት ዘመን መጣ። ይኸው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ያንን ውሳኔ ውድቅ አድርጎ በደረሰው ጉዳት ማዘኑን ገልጿል። በነዚያ 130 ዓመታት ውስጥ ብዙ ልጅ ንግግሩም ሳይሳካለት፣ ምልክቱንም ተከልክሎ አድጓል። ምልክት መማር ንግግርን እንደሚዘጋ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የማዳመጫ መሣሪያ ካገኘች ታድርግ፣ የንግግር ልምምድም ትከታተል። ሁለቱ አይጣሉም። ንግግሩ እስኪመጣ፣ ወይም ባይመጣም፣ ቋንቋ ይኖራት ነው የምንለው።

አማትዎ «ከንፈር አይታ ትረዳለች» ካሉ ይህን አብራችሁ ሞክሩት። ድምፅ ሳያወጡ «ደም» ይበሉ፣ ቀጥለው «ጠብ» ይበሉ፤ እሳቸው ከንፈርዎን አይተው ይለዩ። አይለዩትም። በ፣ መ፣ ፐ እና ጰ ከንፈር ላይ አንድ መልክ ነው ያላቸው። ከ፣ ገ እና ቀ ደግሞ ጉሮሮ አካባቢ ስለሚፈጠሩ ጭራሽ አይታዩም፤ «ገና» እና «ቀና» አንድ ይሆናሉ። አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩት አማትዎ ካልለዩት፣ ቃሉን ሰምታው የማታውቅ ሕፃን በምን ትገምተው? ከንፈር ማንበብ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ያግዛል፤ ቋንቋ ለሌለው ግን ቋንቋ አይሰጥም።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር እንለምንዎ። ቤት ውስጥ «ደንቆሮ» እና «ዲዳ» የሚሉትን ቃላት ያስቁሙ። «ደንቆሮ» በአማርኛችን አላዋቂን መስደቢያም ነው፤ ልጅቷ ባትሰማውም እኅትና ወንድሞቿ ሰምተው በዚያ ዓይን ያዩዋታል። መስማት የተሳናት ይበሏት።

ስለ ወንድምዎ ቪዲዮዎች፦ አይደለም፣ ምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ አይደለም። አሜሪካና እንግሊዝ አንድ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ምልክት ቋንቋቸው አይግባባም፤ የእንግሊዙ የጣት ፊደል (ቃልን ፊደል በፊደል በእጅ መጻፊያው) በሁለት እጅ፣ የአሜሪካው በአንድ እጅ ነው። የአሜሪካው የሚዛመደው ከፈረንሳዩ ጋር ነው፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1817 አሜሪካ ውስጥ ሃርትፎርድ ላይ የተከፈተውን መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ሎራን ክሌር የተባለ መስማት የተሳነው ፈረንሳዊ መምህር ነበር። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም ትምህርት ቤት በከፈቱ የውጭ ሚስዮናውያን በኩል ከአሜሪካውና ከሌሎችም ምልክቶች ስለወሰደ አንዳንዱ ቃል ሊመሳሰልልዎ ይችላል፤ ግን ሌላ ቋንቋ ነው። ልጅዎ ነገ አብራ የምትጫወተው፣ የምትማረውና የምትሠራው እዚህ ካሉት ጋር ስለሆነ የዚህ አገሩን ይያዙ። ከቪዲዮ የተማሯቸው ቃላት እስካሁን አልጎዷትም። አስተማሪ ሲያገኙ አንድ በአንድ ያሳዩዋትና የሚስተካከሉትን ያስተካክሉ።

አስተማሪ ስንል ማለታችን ራሷ መስማት የተሳናት ሰው ነው፣ በዚህ ላይ አጥብቀን እንመክራለን። የሚሰማ አስተማሪ ቃላት ይሰጥዎታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በምልክት የኖረች ሴት ግን ፊቷን፣ ፍጥነቷን፣ ቀልዷን፣ ልጅ የምታባብልበትን መንገድ ሁሉ ይዛ ትመጣለች። ልጅዎም «ትልቅ ሰው ሆኖ የማይሰማ» ሰው ታያለች። ለመነሻ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን ይጠይቁ፤ በአቅራቢያዎ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ወይም ልዩ ክፍል ካለ መምህራኑ ሰው ያውቃሉ፤ ምልክት አስተርጓሚ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው ሁለት ሰዓት ቤት እየመጣች ከልጅቷ ጋር እንድትጫወትና ለቤተሰቡ እንድታሳይ ይስማሙ፤ የድካሟንም ይክፈሏት። በቴሌቪዥን ዜና ጥግ ላይ ያለው አስተርጓሚ ለዚህ አይሆንም። ለጀማሪ ይፈጥናል፣ ሲሳሳቱም አያርምዎትም።

እሷ እስክትገኝ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በእጅዎ ያለ ሥራ አለ። የማትሰማ ልጅ ዓይኗ ጆሮዋም ነው። የምትሰማ ልጅ ኳሱን እያየች «ኳስ» ስትባል ሁለቱን በአንድ ጊዜ ትይዛለች። የእርስዎ ልጅ ኳሱን እያየች እጅዎን ልታይ አትችልም። ስለዚህ ተራ ያስፈልጋል፦ መጀመሪያ ኳሱን በደንብ ትየው፤ ዓይኗን አንሥታ እስክታይዎ ይጠብቁ፤ ያኔ ምልክቱን ያሳዩአት፤ ከዚያ ወደ ኳሱ ትመለስ። ካላየችዎ ትከሻዋን በቀስታ ነካ ያድርጉ፣ ወይም ኳሱን ወደ ፊትዎ አስጠግተው ዓይኗ ተከትሎት እንዲመጣ ያድርጉ። አገጯን ይዘው አያዙሯት፤ ማየት ቅጣት ይመስላታል፣ ፊቷን መከልከልም ትለምዳለች። እናቶች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቷ ወደ ዕቃው ስታይ ምልክቱን ይሠራሉ፣ ምልክቱ አየር ላይ ይቀራል፣ ከወር በኋላ «አልገባትም» ይላሉ። አላየችውም እኮ።

ማዘልን በተመለከተ፦ ማዘል አይተዉ፣ ሙቀቱና ቅርበቱ ያስፈልጋታል። ግን ታዝላ ባለችበት ሰዓት ሁሉ የምታየው የጀርባዎን ጨርቅ ነው። የምትሰማ ልጅ የእናቷ ድምፅ በጀርባዋ በኩል ይደርሳታል፤ ለእርስዎ ልጅ ያ ሰዓት ዝምታ ነው። ስለዚህ በየመሐሉ ያውርዷትና ፊት ለፊት አስቀምጠው አምስት ደቂቃም ቢሆን ያጫውቷት። ገበያ ሲሄዱ ከፊት ይያዟት።

ብርሃኑ ከፊትዎ ይምጣ። በር ወይም መስኮት ከጀርባዎ ከሆነ ፊትዎ ለሷ ጥቁር ጥላ ነው። ነጠላ ሲደርቡ አፍዎንና እጅዎን እንዳይሸፍን ወደ ትከሻዎ ይጣሉት። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ልጅቷ ላይ ሳይሆን እጅዎና ፊትዎ ላይ ያብሩ፤ አለበለዚያ በጨለማው ቋንቋም አብሮ ይጠፋባታል።

ለመጀመሪያው ሳምንት አሥር ቃል ይበቃል፣ በቀን ብዙ ጊዜ ከሚመላለሱት ይምረጡ፦ ወተት፣ ውሃ፣ መብላት፣ መተኛት፣ ጨምሪ፣ አለቀ፣ ትኩስ፣ ያማል፣ እማ፣ አባ። በየሳምንቱ አምስት ይጨምሩ። ስም ብቻ አይሰብስቡ፤ «ጨምሪ» እና «አለቀ» ከሃያ የዕቃ ስም ይበልጣሉ፣ ከሌላ ቃል ጋር ተጋጥመው ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉና።

ለዚህ ደግሞ ከቡና የተሻለ ሰዓት የለም። ሁሉም ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፣ ፊት ሁሉ ይታያል፣ ሥራው በተራ ይሄዳል፣ መቅዳቱም ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ልጅቷን ጀበናው ከማይደርስባት ቦታ፣ ከእርስዎ ትይዩ ያስቀምጧት። ቡናው ሲታጠብ ቆም ብለው እስክታይዎ ይጠብቁና «ማጠብ» ይበሏት። ሲቆላ ጭሱን ወደሷ መለስ አድርገው «ማሽተት»፣ ሲወቀጥ እጇን ሙቀጫው ላይ አሳርፈው ንዝረቱ ሲሰማት «መውቀጥ»፣ ሲቀዳ «ትኩስ»። በሦስተኛው ዙር «ትኩስ» የምትለው እሷ ልትሆን ትችላለች። ቤተኛው ሁሉ እነዚያን አራት ቃላት ያውቅ፤ ሲኒ የሚያነሣ ሁሉ ለሷም ይንገራት።

እየተናገሩ በእጅም አብሮ መሥራት ያጓጓል፣ ለጀማሪ ግን አይመከርም። አፍዎ የአማርኛውን ቅደም ተከተል ሲከተል እጅዎ ግማሹን ይዘለዋል፤ ልጅቷ የሚደርሳት የተቦጫጨቀ ነው። በምልክት ሲነግሯት በምልክት ይጨርሱ፣ በአማርኛ ሲሆንም እንዲሁ። ፊትዎንም ይጠብቁት። እኛ ቅንድብ ከፍ ስናደርግ «አዎ» ማለታችን ነው፤ በብዙ ምልክት ቋንቋዎች ግን ከፍ ያለ ቅንድብ ጥያቄ ነው። እዚህ እንዴት እንደሚለይ ከአስተማሪዋ ፊት ላይ ይማሩ።

የልጅ ምልክት ኮልታፋ ነው። ጡጫ፣ ዝርግ መዳፍና አመልካች ጣት ይቀድማሉ፤ ረቂቅ የጣት ቅርጽ በኋላ ይመጣል። «ወተት» ብላ የሠራችው የተዛባ ቢሆንም ወተቱን ይስጧትና ምልክቱን በትክክል መልሰው ያሳዩአት። ጣቶቿን ይዘው አያስተካክሉ። ደብተር ያዙ፦ በአንድ በኩል የምትረዳውን፣ በሌላው ራሷ የምትሠራውን በየሳምንቱ ይጻፉ። የምትረዳው ሁልጊዜ ይቀድማል፤ የምትሠራውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለት ምልክት ገጥማ «ወተት አለቀ» ያለችበትን ቀን ይመዝግቡ። በየቀኑ ምልክት እያየች ስድስት ወር አልፎ መረዳቷ ካልጨመረ ወደ ሐኪም ይመለሱ። ዓይኗን ግን ያንን ሳይጠብቁ አሁኑኑ ያስመርምሩ።

በሕክምናው በኩል አጭር ነው። የመስማት ችግሩ ከማጅራት ገትር በኋላ የመጣ ከሆነ ለከአንገት በላይ ሐኪም በአስቸኳይ ይንገሩ፤ የውስጥ ጆሮው በአጥንት ሊሞላ ስለሚችል በቀዶ ሕክምና ውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚተከለው የመስሚያ መሣሪያ ከታሰበ ጊዜ አይሰጥም። ማዳመጫ ከተደረገላት ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ቅርጽ በዚህ ዕድሜ በጥቂት ወራት ይጠባታል። ማፏጨት ሲጀምር መሣሪያው ተበላሸ ብለው መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት፤ ቅርጹን ያስቀይሩት።

ፊደሉ ከሦስት ዓመቷ በኋላ ይምጣ፤ ያኔ የሚያስደስት ነገር ያገኛሉ። የኢትዮጵያ የጣት ፊደል የተሠራው በራሱ በፊደላችን ብልሃት ነው፦ የእጁ ቅርጽ «ለ» መሆኑን ይነግራል፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይለያል። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ አንድ እጅ ሆነው በእንቅስቃሴ ይለያያሉ። የጣት ፊደል ለስምና ምልክት ለሌለው ቃል እንጂ ለወሬ አይደለም። ጽሑፉ ለሷ ሁለተኛ ቋንቋ ስለሚሆን መምህሯ በምልክት ሊያስረዳት የሚገባ ነገር ይኖራል፤ «አለ» ተናገረም ኖረም ማለት ነው፣ የማጥበቅና የማላላቱን ልዩነት ጆሮ እንጂ ፊደሉ አይነግርም።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ ሕንፃውን ከማየትዎ በፊት ዕረፍት ሰዓት ላይ ይሂዱ። ልጆቹ እርስ በርስ በምልክት እየተሯሯጡ ካወሩ ቋንቋው እዚያ አለ። በኒካራጓ ከ1970ዎቹ ማብቂያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማናጓ ላይ የተሰበሰቡ የማይሰሙ ልጆች የየቤታቸውን ምልክት ይዘው መጥተው፣ መምህራኑ ሳያስተምሯቸው፣ በግቢውና በአውቶቡሱ ውስጥ አዲስ ቋንቋ ፈጥረዋል፤ ሰዋስውን ያበለጸጉት በኋላ የገቡት ታናናሾቹ ናቸው። ልጅ እኩያ ያስፈልጋታል። ከዚያ መስማት የተሳናቸው መምህራን እንዳሉ፣ የሚሰሙት መምህራንም ልጆቹ ሲያወሩ መረዳት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

አስተማሪዋ መምጣት ስትጀምር ለቤተሰቡ ሁሉ የስም ምልክት እንድታወጣ ይጠይቋት። በማኅበረሰቡ ልማድ ስም የሚያወጡት መስማት የተሳናቸው ራሳቸው ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ከሰውየው መልክ ወይም ጠባይ ይነሣሉ። ለአማትዎ መጀመሪያ የሚያሳዩአቸው ምልክት የልጅቷ ስም ይሁን፣ ሁለተኛው የራሳቸው። ልጅቷ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት መጥታ አያቷ የት እንዳሉ በስማቸው ስትጠይቅዎ፣ ያን ቀን አማትዎን ይጥሩና ያሳዩአቸው።